የጽጌ ሰሞን ጥብስ

ሰው እየተራበ ሆዳም ይባላል? እኔ ተብያለሁ። ያውም በመሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ ኃላፊው ፊት፣ ውሻ መስክሮብኝ።

ዛሬ ልጆች አሳድጌ፣ ተመስገን ብዬ ተቀምጬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። ብዙ ማውራት አልወድም፤ አሳጥሬ ላውጋችሁ።

መንግሥት ተለውጦ ወረዳዎች እንደ አዲስ ሲዋቀሩ ሞላሌ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ቀጠረኝ። ከሰፈራችን ቢሮ የገባች ሴት ከእኔ በፊት አልነበረችም። ባለጉዳዩም ገና አልለመደንም ነበር። በሩን ከፍቶ ይገባል፣ እኔን ዓይን ዓይኔን እያየ "ሰው የለም?" ይላል። "አለ፣ ይቀመጡ" እላለሁ። ይቀመጥና ሰውን ይጠብቃል።

አባባ ገብስ አራሽ ናቸው። አንድ ቀን ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ አስቀመጡኝና፣ "በአዲሱ ዘመን ሴት ልጅ ባሏን ራሷ ትመርጣለች ተብለናል" አሉኝ። ደስ አለኝ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። "እንግዲህ መንግሥት ካለ ምን አደርጋለሁ፣ ምረጪ። እስከ ቁስቋም ድረስ ምረጪ። ቁስቋም ካለፈ ግን ለባለ ወፍጮው ቃል እሰጣለሁ።"

ባለ ወፍጮው ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱ የሞተችበት፣ እጁ የማይሰስት ሰው ነው። ብቻ ወፍጮው ጆሮውን ስለወሰደበት የሚያወራው በጩኸት ነበር። "እንደምን አደርሽ" ሲለኝ ማዶ ያሉ በጎች ቀና ይላሉ። በዚያ ድምፅ "እወድሻለሁ" ስባል ታየኝ። አገሩ ሁሉ ከያለበት "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብሎ የሚመልስ መሰለኝ።

እኔ ደግሞ መርጬ ነበር። የመረጥኩት ሰው ግን መመረጡን አያውቅም።

ስሙ ደጀኔ ነው። የበግ እርባታ ባለሙያ፣ የዓለም ከተማ ልጅ። ሞቅ ባለ አገር ያደገ ስለሆነ የመንዝ ብርድ አላስቆም ብሎት፣ ኪሱ ጥልቅ የሆነ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ነው የሚውለው። ጠዋት ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ወደ ቢሮ ሲገባ ጉሙ ራሱ ካፖርት ለብሶ የመጣ ይመስለኛል። ስለ በግ ጉንፋን የጻፈውን ሪፖርት እንድመታለት ሲሰጠኝ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ እንዳያልቅብኝ እየሰሰትኩ ነበር የምመታው።

ነገሩን ለእመቤታችን ሰጠኋት። "ይህን ሰው አስናግሪልኝ፤ ጽጌን እጾምልሻለሁ" ብዬ ተሳልኩ።

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። እመቤታችን ልጇን አቅፋ የተሰደደችበትን እያሰበ የወደደ ይጾመዋል፤ ያልወደደ አይጠየቅበትም። መስከረም ሊያልቅ ሲል ይገባል፣ ኅዳር ላይ በቁስቋም ይፈታል። ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ግን አስጠነቀቁኝ። "የታዘዝነውን ጾም አብረን እንጾማለን። የፈቃድሽን ግን አንቺና እመቤታችን ብቻ እወቁት። ለሰው ካወራሽው ነፋስ ወሰደው በይ።"

ሌላ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከመዝገብ ቤት መጣ። አስካለ የምትባል ጓደኛዬ ነበረች፤ አዲስ አበባ ኮርስ ወስዳ፣ ሱሪ ለብሳ የተመለሰች። "ስሚ" አለችኝ። "ዘመናዊ ወንድ መጀመሪያ ሽማግሌ አይልክም፣ ምሳ ይጋብዛል። የተጋበዘች ደግሞ ትበላለች። አልበላም ካልሽ አልፈልግህም ማለትሽ ነው። ደግሞ ጾመኛ ነኝ ምናምን ብለሽ እንዳታስደነግጪው፣ የተማረ ወንድ የምትመነኩሺ ይመስለዋል።"

የነፍስ አባቴ አትናገሪ አሉ። አስካለ ብዪ አለች። ሁለቱም ለእኔው አስበው ነው።

ጾም ሲረዝም ዓለም ትለሰልሳለች፤ የጾመ ያውቀዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ የታይፑ ፊደላት ከቦታቸው ተነሥተው ከጓሳ እንደሚወርዱ በጎች አንዱ ባንዱ ላይ ይነዱብኛል። በመስኮቱ አደይ አበባው ቢጫ ነው፣ የደረሰው ገብስ ቢጫ ነው፣ ፀሐዩም ቢጫ ነው፤ ከነወንበሬ በቀለጠ ወርቅ ላይ የምንሳፈፍ ይመስለኛል። ጣቴ ይመታል፣ ልቤ የለም። አንድ ቀን "የወረዳው በጎች በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ" በማለት ፈንታ "ደጀኔ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል" ብዬ መታሁ። ኃላፊው ሳያነብ ፈረመበት። ወደ ዞን ሄደ። ዞኑም አልተቃወመም።

እንዲህ ስንሳፈፍ ሐሙስ ቀን ደጀኔ ከጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፈታ፣ እንደገና ቆለፈ።

"ምሳ በልተሻል?"

"አልበላሁም" አልኩት። እውነት ነው።

"እንግዲያው... እኔ ልጋብዝሽ።"

እመቤቴ ሰማችኝ ብዬ ተነሣሁ። አስካለ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ነጠላሽን አስተካክዪ እያለች በእጇ ታሳየኛለች።

የሄድንበት ሆቴል አንድ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ምሳ የሚበላ ሰው ከተማውን ሙሉ ይዞ እንደሚበላ ይቆጠራል።

"ምን ትወጃለሽ?" አለኝ።

"አንተ የምትወደውን።"

"የበግ ጥብስ?"

የበግ ባለሙያ ነው፣ ሌላ ምን ሊወድ ነው? "እወዳለሁ" አልኩ። አሁንም እውነት ነው፤ እወዳለሁ።

ጥብሱ መጣ። እንፋሎቱ እየተጥመለመለ አፍንጫዬ ሥር ቆመ። "እመቤቴ፣ አደራ" አልኩ በልቤ።

"ብዪ እንጂ።"

"አንተ ቅደም።"

"በዛሬ ዘመን ሴት ነው የምትቀድመው።"

"እዚህ አገር እንግዳ ነው የሚቀድመው። አንተ የዓለም ከተማ ሰው ነህ።"

"በይ አብረን።"

አብረን እጃችንን ሰደድን። እኔ ሥጋውን በእንጀራ ጠቀለልኩና በበሩ በኩል እያየሁ፣ "ውይ፣ ያን ጉም እየው!" አልኩት። ዞር አለ። ጥቅሉን ጭኔ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ፣ ፌስታል ዘርግቼ ስለነበር፣ ከተትኩት። ቀና ስል እሱ ደግሞ፣ "ያቺ በቅሎ የማን ናት?" አለኝ። ዞሬ አየሁ። ደንበኛ በቅሎ ናት፤ የማን እንደሆነች ግን አላወቅኋትም። ስመለስ ከሳህኑ ላይ ብዙ ሥጋ ጎድሏል።

ጉም ባሳየሁት ቁጥር በቅሎ ያሳየኛል። በዚያ ምሳ ስለ ጉምና ስለ በቅሎ እንዳወራነው ማንም አውርቶ አያውቅም። በመጨረሻ ሳህኑ ባዶ ሆነ። እኔ የከተትኩት ጥቂት ነው፤ ይህን ሁሉ የበላው እሱ ነው ማለት ነው። ሲያኝክ እንኳ አላየሁትም። ዋጠው!

ደጀኔም ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ።

"ጎበዝ ነሽ" አለኝ በአክብሮት።

"አንተም" አልኩት።

ደስ ያለኝ መስሎት በሚቀጥለው ጊዜ ጨምሮ አዘዘ። ደስ ያለው መስሎኝ እኔም ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ባለ ሆቴሏ ከሩቅ ስታየን ሳንናገር ቢላዋዋን ትስላለች። ሥጋ መጣል ስለማይሆንልኝ ፌስታሉን ለአንድ የከተማ ውሻ እያራገፍኩ ነበር። ሻምበል ይሉታል። በሳምንት ውስጥ ጠጉሩ እንደ ሐር ሆነ። ከቢሮው በር የማይጠፋ ሆነ።

ረቡዕና ዓርብ ሁሉም ስለሚጾም ጥብስ የለም። እነዚያ ቀናት እንዴት ያርፉኝ ነበር! ከቢሮው ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ገደሉን እናያለን። ደጀኔ ስለ ጀማ ሸለቆ ሙቀት ያወራኛል፤ እዚያ ሌሊት ያለ ብርድ ልብስ ይተኛል ሲለኝ አላምነውም። ጉሙ ይሸሽና ማዶ ያለው አገር ከነቤተ ክርስቲያኑ ብቅ ይላል። ይመለስና ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ እሱና እኔ ብቻ እንቀራለን። የተናገርነው ሁሉ ቁም ነገር አልነበረም። ግን ልጄ ዛሬ ስልኳን ከፍታ ከአንድ ልጅ ጋር ስትጻጻፍ ፊቷ ሲበራ ሳይ፣ ያ ድንጋይ ነው ትዝ የሚለኝ።

አንድ ነገር ግን አላስተኛ አለኝ። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው።

"አባ፣ ሥጋ መያዝ ጾም ይሽራል?"

"መያዝ ስትዪ?"

"በቦርሳ።"

አባ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"አባ፣ ኃጢአቴ ይህን ያህል ከባድ ነው?"

"አይደለም ልጄ... አይደለም።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "ዘንድሮ እመቤታችን ራሷ ስቃ ይሆናል። ታገሺ። እኔም እየታገሥኩ ነው።"

እሳቸው ምን እንደሚታገሡ አልገባኝም።

ከዚያ ግምገማ መጣ። የዚያን ዘመን ሠራተኛ ግምገማን ያውቀዋል። መጀመሪያ ሌሎች ጉድለትህን ይናገሩብሃል፤ ቀጥሎ አንተው በራስህ ላይ ትናገራለህ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ገንዘብ ያዡ ተነሣ። "ቢሮው ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ሽሮ በልተን የምንውል ሠራተኞች ሥራ መሥራት አቅቶናል። ይህ ሽታ ከየት ነው?"

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። በዚህ መሐል ሻምበል በሩን በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ገባ። ኃላፊውን አለፈ። ገንዘብ ያዡን አለፈ። ቀጥ ብሎ መጥቶ ከቦርሳዬ ሥር ተቀመጠ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ወዲያው ደግሞ ተነሥቶ ደጀኔ ዘንድ ሄደና አፍንጫውን በካፖርቱ ኪስ ከተተ። ወደ እኔ ተመለሰ። ወደ ደጀኔ ሄደ።

"መወሰን አቅቶታል" አለ አንዱ።

"በውሳኔ ችግር ይገምገም!" አለ ሌላው።

እኔ ደጀኔን አየሁት። ይህ ሰው ምን ያህል ቢበላ ነው ልብሱ ድረስ የሸተተው እያልኩ። እሱም እኔን በሐዘን ያየኛል።

ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ። "እስቲ አንቺ ግለ ሂስ አድርጊ። ሽታው ከአንቺ ነው?"

ተነሣሁ። "ምሳ... ተጋብዤ ነው።"

"በልተሽ ነው?"

በላሁ ብል ውሸት ነው። አልበላሁም ብል ለምን ይሉኛል። ዝም አልኩ።

"ዝም ማለቷ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ" አለ ኃላፊው።

ጸሐፊዋ እኔው ነኝ። ተቀምጬ ዝም ማለቴን ጻፍኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ "በሊታዋ" ተባልኩ። ያ አልነበረም የጎዳኝ። ደጀኔ ከጠረጴዛዬ አጠገብ መቆም ተወ። ሪፖርቱንም በሌላ ሰው ይልክ ጀመር። ቁስቋም ደግሞ እየቀረበ ነው። ባለ ወፍጮው አዲስ ጫማ ገዛ ሲባል ሰማሁ።

አስካለ ልታስታርቀን ሄዳ ከእንባ ጋር ተመለሰች። "አናገርኩት። እወዳታለሁ አለ።"

"ታዲያ?"

"ፈርቻለሁ አለ። አንድ መንጋ በግ ባረባም አልችላትም አለ። እንዲያውም..." ጉሮሮዋን ጠረገች፣ "ለባለ ወፍጮው ይሻላታል፣ ዱቄት አያልቅበትም አለ።"

አልበላሁም፣ አንድ ቁራጭ አልቀመስኩም ልል አፌን ከፈትኩ። የነፍስ አባቴ ነፋስ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዴን እያለቀስኩ ታይፕ መታሁ። እመቤቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ "ለአንቺ ብዬ የያዝኩትን ጾም አላፈርስም። የቀረውን አንቺ እወቂበት።"

በገበያ ቀን አባባ በቅሏቸውን ጭነው ቢሮ ድረስ መጡ።

"እህ፣ መረጥሽ?"

"መርጬ ነበር፣ አባባ።"

"ነበር ምንድን ነው? ሰውዬው ሞተ?"

"አልሞተም። ፈራኝ።"

"ያ በግ የሚጨርስ የሚሉት ነው? ገበያው ሁሉ የሚያወራው ስለ እናንተ ነው። እኔስ ወድጄዋለሁ፣ ደካማ አማች አልፈልግም። የታል?"

ሳልመልስላቸው ካፖርቱን አይተው ሄዱና እጅጌውን ያዙት። "ና ልጄ። ዛሬ ጋባዡ እኔ ነኝ።"

ተቀመጥን። እኔ፣ ደጀኔ፣ አባባ፣ በመሐላችን ደግሞ በሕይወቴ ያላየሁት የጥብስ ክምር። አባባ ማዶ ተራራ ላይ ያለን በግ በመልኩ የሚለዩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ከእጃችን አልነቀሉም።

"አባባ፣ ያን ጉም አዩት?" አልኩ።

"ሳየው ነው ያረጀሁ። ብዪ።"

ደጀኔ በበኩሉ ሞከረ። "ያቺ በቅሎ የማን ናት?"

"የእኔ ናት። ብላ።"

የሚበላ ሲጠፋ አባባ ራሳቸው ጠቀለሉ። የእሳቸው ጉርሻ የጡጫ ያህላል። ወደ ደጀኔ አፍ ዘረጉት። የአባት ጉርሻ መመለስ ልጅዎን አልፈልግም ብሎ በአደባባይ መናገር ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ይብላ፣ ምንም ያህል ይብላ፣ ብቻ አይመልሰው።

ደጀኔን በዚያ ብርድ ግንባሩን አላበው። ጉርሻውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነሥቶ የአባባን ጉልበት ሳመ።

"ይማሩኝ አባቴ። አልችልም።"

አባባ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። "ልጄን አትፈልጋትም?"

"እሷንማ እፈልጋለሁ! ሥጋውን ነው። ጽጌ ይዣለሁ።" ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። "ማውራት አልነበረብኝም..."

አባባ ጉርሻውን ወደ እኔ አዞሩት። "በይ አንቺ ተቀበዪኝ፣ እጄ ዛለ።"

"አባባ... እኔም።"

"አንቺም ምን?"

"ጽጌ።"

ያን ጊዜ በተከፈተው በር ጉሙ ቀስ ብሎ ገባ። ጠረጴዛውን ዳሰሰ፣ ጥብሱን ዳሰሰ። ሰዉ ሁሉ ራቀኝ፤ ከጉሙ ውስጥ የሚታየኝ የደጀኔ ፊት ብቻ ነበር። እሱም እንደዚያው ይመስለኛል። የዓርቡ ድንጋያችን ላይ የተቀመጥን መሰለኝ።

ያነቃን የአባባ ድምፅ ነው። ጉርሻውን ይዘው እሱንም እኔንም ተራ በተራ እያዩ፣ "ታዲያ የመንዝን በግ ማን ጨረሰው?" አሉ።

ከጠረጴዛው ሥር ጅራት መሬቱን መታ መታ አደረገ።

ደጀኔ እጁን ወደ ካፖርቱ ኪስ ሰድዶ ፌስታል አወጣ። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ የእኔን አወጣሁ። "ወይኔ ጥብሴ!" ብላ ባለ ሆቴሏ ራሷን ያዘች።

"ለምን ብለህ ያዝከው?" አሉት አባባ።

"ስለት ነው። እሷ እሺ እንድትለኝ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ?"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። መልሱ ገባቸው መሰለኝ፣ ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ ከተቱት። "እኔ የታዘዝኩትን ብቻ ነው የምጾም" አሉ እያኘኩ። ክምሩንም ብቻቸውን ተያያዙት።

በዚያው ቀን ሁለታችንም ወደ ነፍስ አባታችን ሄድን። ለካ አንድ ነፍስ አባት ነው የነበረን። ገና አብረን ስንመጣ አይተው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና እስኪደክማቸው ሳቁ። "ተመስገን! የሁለታችሁን ምሥጢር ይዤ ልፈነዳ ነበር።"

"ነፋስ ወሰደብን አባ?" አልኳቸው።

"ተጨንቃችሁ እውነት ተናገራችሁ እንጂ መች አወራችሁት። ጨርሱት።"

ጨረስነው። ለቁስቋም ሽማግሌ መጣ፤ ከደጀኔ የተላከ። ባለ ወፍጮው አዲሱን ጫማውን አድርጎ መጥቶ መረቀን፤ ምርቃቱ መሐል ሜዳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

በአባባ ቤት በግ ታርዶ ጾሙን ፈታን። ደጀኔ ጥቂት ጎረሰና እጁን ታጠበ። ለካ ትንሽ የሚበላ ሰው ነው። እኔ ግን በላሁ። ጉምም ሳላይ፣ በቅሎም ሳልጠይቅ በላሁ። ቀና ስል ሳህኑ ባዶ ነው፤ ደጀኔ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ያየኛል።

"ለካ ወሬው እውነት ነው" አለኝ።

"አንድ መንጋ አይበቃትም ብለህ የለ?" አልኩት።

"አረባለሁ" አለ።

አረባ። እመቤቴ ትመስገን፣ እስከ ዛሬ ጎድሎብን አያውቅም።